«ብር»ን ስታግዱ «ቀብር»ን እንዳትዘጉ

ለዕድር፣ ለማኅበር፣ ለተማሪ ወላጆችና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚኖች የተጻፈ ማሳሰቢያ

ስፓም ሲበዛባችሁ አንዳንድ ቃላትን የሚያግድ ቦት ግሩፓችሁ ውስጥ አስገብታችሁ ይሆናል፤ ወይም ልታስገቡ አስባችኋል። ሥራው ተገቢ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን አንድ ቃል ሳላመዛዝን አግጄ ሰው በድያለሁ። የተማርኩትን ለእናንተ ማድረስ ዕዳዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዕድራችን አባላት አብዛኞቹ ከድሮው ሰፈር ተነሥተው አያት፣ ጀሞ፣ ቂሊንጦ ተበትነዋል። ድሮ ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ያረዳ ነበር። ዛሬ ጡሩምባው እነሱ ያሉበት አይደርስም፤ መርዶ የሚነገረው በግሩፑ ነው። አንድ ክረምት ላይ ግሩፑን «ቤትዎ ሆነው በቀን 5,000 ብር ያግኙ» የሚል መልእክት አጥለቀለቀው። በአንድ ሌሊት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይመጣል። እናቶች «ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያሉ መደወል ጀመሩ። ተናደድኩና ቦቱ ላይ «ብር» የሚለውን ቃል አገድኩ። ስፓሙ በዚያው ቀን ጋብ አለ፤ ሁላችንም ተደሰትን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ የአንድ ነባር አባላችን ልጅ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «አባታችን ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ 6 ሰዓት ይፈጸማል።» መልእክቱ ወዲያው ጠፋ። ልጁ ኔትወርክ መስሎት ደገመው፤ ጠፋ። ሦስተኛ ላከ፤ እሱም ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የሚነግረው አልነበረም፤ ቦቱን ቃሉን ባገኘ ቁጥር ዝም ብሎ እንዲሰርዝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። «ቀብር» በሚለው ቃል ውስጥ «ብር» አለ።

በማግሥቱ ቀብር ላይ የቆመው የቅርብ ጎረቤት ብቻ ነበር። ከሩቅ የሚመጡት አልሰሙም። ሠልስት ላይ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ልጁ እጄን ይዞ «ጋሼ፣ ዕድሩ አባዬን የረሳው መስሎኝ ነበር» አለኝ።

እንዲህ ያለ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ስካንቶርፕ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩ ሰዎችን አልመዘግብም ብሎ ነበር። በከተማዋ ስም መካከል በእንግሊዝኛ ነውር የሆነ ቃል ተሰክቶ ስለሚገኝ ማጣሪያው ከተማዋን እንደ ስድብ ቆጠራት። ማሽን የሚያየው ፊደል ነው። የፊደሉን ባለቤት፣ ሐዘኑንና ዓላማውን የማየት ኃላፊነት የአድሚኑ ነው። ከዚህ በታች የዘረዘርኩት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ቃል የሚያግድ ሰው፣ በዚያ ቃል ምክንያት ድምፁ ለሚታፈነው ንጹሕ ሰው ተጠያቂ ነው።

ከማገዳችሁ በፊት

1. ስፓሙን አጥኑት። በንዴት ቃል አታስገቡ። አንድ ሳምንት ያህል የመጡትን የስፓም መልእክቶች ወደ አንድ የግል ማስታወሻ ሰብስቡ። አብዛኛው ስፓም አንድ ዓይነት ቅጂ ነው፤ የሚደጋገመው ዓረፍተ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። የእኛን ስንሰበስብ አብዛኞቹ ከሦስት አራት መልእክቶች የተባዙ ነበሩ። ያን ጊዜ «ብር»ን ማገድ ፈጽሞ አያስፈልገንም ነበር።

2. ከቃል ይልቅ ሐረግ አግዱ። «በውስጥ መስመር ያናግሩን»፣ «ቤትዎ ሆነው በቀን»፣ «ለ10 ሰው ሼር ካደረጉ»፣ «እንኳን ደስ አለዎት ዕድለኛ ሆነዋል» የሚሉት ሐረጎች በመርዶ፣ በሠርግ ጥሪ ወይም በስብሰባ ማስታወቂያ ውስጥ አይገኙም። ሐረግ ረዝሞ በተወሰነ ቁጥር ንጹሕ ሰው የመያዙ ዕድል ይቀንሳል። አጭበርባሪው የሚጠቀምበትን የሊንክ አድራሻ ማገድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ አድራሻውን ከሱ በቀር የሚጽፈው እምብዛም የለም።

3. የኑሮ ቃል አታግዱ። ብር፣ ሥራ፣ ሂሳብ ቁጥር፣ ብድር፣ መድኃኒት፣ ኩላሊት፣ ቪዛ የሰው ኑሮ የሚነገርባቸው ቃላት ናቸው። አጭበርባሪ የሚጠቀምባቸውም ሰው ስለሚያስፈልጉት ነው። የታማሚ ፎቶ ሰርቆ በሐሰት የሚለምን ሰው አለ ተብሎ «ዲያሊሲስ» ቢታገድ፣ በእርግጥ እጥበት ላይ ያለችው እናታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ስትከፍት መልእክቷ ይጠፋል። ዳግመኛ አትጠይቅም። የሐሰቱን ልመና የሚያስቆመው ማጣራት ነው፦ የሐኪም ቤት ወረቀት ማየት፣ መደወል፣ ሄዶ መጠየቅ።

4. «ዲቪ»ን፣ «ዱባይ»ን፣ «ሳውዲ»ን አታግዱ። ዲቪና ስፓም የቆየ ትውውቅ አላቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1994 ላውረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በተባለው የመወያያ መረብ ላይ፣ ከ5,000 ለሚበልጡ ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ ማለትም የዲቪ፣ ማመልከቻ በክፍያ እንሞላለን የሚል ነበር። ዛሬ ስፓም የምንለው የንግድ መልእክት ጎርፍ በስፋት የታወቀው በዚያ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላም በእኛ ግሩፖች «ዲቪ እናስደርሳለን» ባይ አልጠፋም። ቢሆንም እውነተኛው የምዝገባ ቀን መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ ወጣት፣ «ይሄ ሊንክ ሐሰት ነው፣ ተጠንቀቁ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ጎረቤትም «ዲቪ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ቃሉ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይዘጋል። ስለ ዱባይና ሳውዲም እንዲሁ ነው፤ ሕገ ወጥ ደላላውን እንይዛለን ስንል፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞባት ከዚያ የምትጽፈውን እኅታችንን እንዳንዘጋባት።

5. የብሔር፣ የቋንቋ፣ የሃይማኖትና የቦታ ስም ፈጽሞ አታግዱ። ጠብ ይቀንሳል በሚል ይህን የሚያደርጉ አድሚኖች አሉ። ውጤቱ ግን አንድ ሰው «የተወለድኩት እዚህ ነው»፣ «በዓላችን ነገ ነው» ማለት እንዳይችል ማድረግ ነው። ስድብ ከሆነ ስድቡን አግዱ። የሰው ማንነት ስድብ አይደለም።

6. ጥያቄን ለማፈን ዝርዝሩን አትጠቀሙበት። «ኦዲት»፣ «ደረሰኝ»፣ «ቃለ ጉባኤ» ወይም የሊቀ መንበሩ ስም በታገዱ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ ያ ማጣሪያ ከስፓም ጋር ያለው ጉዳይ አብቅቷል። የዕድር ገንዘብ የሁሉም ነው፤ የሚጠየቀውም በአደባባይ ነው።

ቃሉን ስታስገቡ

7. ቃላችሁ በየትኛው ቃል ሆድ ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። «ብር» በቀብር ብቻ አይደለም ያለው፤ በክብር፣ በግብር፣ በመቃብር፣ በደብር፣ በብርሃን፣ በብርድ ልብስ ውስጥም አለ። «ስራ» ብላችሁ ብታግዱ «ምስራቅ»ን እና «እስራኤል»ን ትዘጋላችሁ፤ ወንድሟ እስራኤል አገር ያለ አንዲት አባል ስለ እሱ አንድ መስመር መጻፍ አትችልም። «ሥራ» ብትሉ ደግሞ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ» የሚለው ይጠፋል። «ዕጣ» ብትሉ «ዕጣን» ይጠፋል። ቃሉን ከማስገባታችሁ በፊት እሱንም፣ በሆዳቸው የያዙትን ቃላትም በግሩፑ መፈለጊያ ላይ ጻፏቸውና ባለፉት ወራት ማን፣ ለምን እንደተጠቀመባቸው ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

8. የአማርኛን እርባታ አትርሱ። በእኛ ፊደል አናባቢው የሚገባው በፊደሉ ውስጥ ስለሆነ ቃል በተረባ ቁጥር ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። «ብር» ታግዶ ሳለ «ብሩን ይውሰዱ» የሚል አጭበርባሪ በሰላም ያልፋል፤ ምክንያቱም «ር» «ሩ» ሆናለች። ሐዘንተኛው ተያዘ፣ አጭበርባሪው አለፈ። «ሽልማት» ብላችሁ ካገዳችሁ «የሽልማት» ይያዛል፣ «ሽልማታችሁን» ያመልጣል፤ የመጨረሻውን ፊደል ትታችሁ «ሽልማ» ብትሉ ሁለቱም ይያዛሉ፤ «ተሸላሚ»፣ «ሸልመናል» እና «ይሸለማሉ» ግን አሁንም ነጻ ናቸው። በዚያ ላይ በተማሪ ወላጆች ግሩፕ ውስጥ ሽልማት የልጆች ደስታ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በአማርኛ አንድ ነጠላ ቃል አግዶ ስፓምን መጨረስ እንደማይቻል ነው።

9. «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚል ምርጫ ካለ ተጠቀሙበት፤ ግን ፈትኑት። ይህ ምርጫ «ቀብር»ን ከ«ብር» ይለይላችሁ ነበር። በሌላ በኩል «በብር»ን፣ «ለብር»ን እና «የብር»ን ያሳልፋል። የቃልን ድንበር ለላቲን ፊደል ብቻ የሚያውቁ ፕሮግራሞችም አሉ፤ እነሱ ላይ ምርጫው ለአማርኛ አይሠራም። ስለዚህ ለአድሚኖች ብቻ የሆነ ትንሽ የመሞከሪያ ግሩፕ ክፈቱና አራት ነጥብ የተከተለውን፣ በቅንፍ ውስጥ የገባውን፣ ከቁጥር ጋር የተጣበቀውን ቃል ሁሉ እዚያ እየጻፋችሁ ተመልከቱ።

10. ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ አስገቡ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ልክም ነው፤ በግእዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት» የሚለው ቃል የገባበት ሐረግ ለማገድ ብትፈልጉ መድኃኒት፣ መድሃኒት፣ መድሐኒት፣ መድሓኒት፣ መድሀኒት፣ መድኀኒት እያላችሁ ስድስቱንም ማስገባት አለባችሁ። ቦቱ ሞክሼዎቹን በራሱ የሚያዋሕድ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን አንዱን ብቻ አስገብቶ መተኛት በሩን ዘግቶ መስኮቱን ከፍቶ መተኛት ነው።

11. በፊደል የሚደረገውን ማምለጫ እወቁት፤ ግን ፊደል ስታሳድዱ አትኑሩ። አጭበርባሪ በፊደላት መካከል ነጥብ ይከታል፣ ክፍተት ይተዋል፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ስልክ ቁጥሩን ዜሮ በመምሰል በ«ዐ» ይጀምራል። ሁሉንም ልያዝ ያለ አድሚን ዝርዝሩ ሺህ ይደርሳል፤ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የሚጠፋው የንጹሕ ሰው መልእክት ይበዛል። ስፓሙ አንድ ጊዜ ካመለጠ በእጅ ሰርዙት። አንድ ስፓም ለአሥር ደቂቃ ቢታይ ያስቆጣል፤ አንድ መርዶ ለአሥር ደቂቃ ቢጠፋ ግን ሰው ይጎዳል።

12. በቃል ብቻ አትተማመኑ፤ በሩን ጠብቁ። ፖል ግራሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጽሑፍ፣ የስፓምን ምልክቶች አንድ በአንድ እየለቀመ ማጣሪያ ለመሥራት ስድስት ወር ያህል ከደከመ በኋላ መንገዱን መተዉን ገልጿል። በምትኩ በመልእክቱ ያሉት ቃላት ሁሉ አብረው ይመዘኑ አለ፤ አጠራጣሪው ቃል ጥርጣሬውን ሲጨምር፣ የዘወትር ቃሎቻችን ይቀንሱታል። እኛ ስሌቱን ባንሠራውም ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን። ትናንት የገባ አባል፣ ሊንክ የያዘ መልእክት፣ የገንዘብ ተስፋ፤ አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሦስቱ ሲገናኙ ግን ቆም ማለት ይገባል። ስለዚህ፦

ሀ. አዲስ አባል በአድሚን ፈቃድ ብቻ ይግባ። ማን እንደጋበዘው ጠይቁ።

ለ. አዲስ አባል ለመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ብቻ ይላክ፤ ሊንክ፣ ፎቶና ከሌላ ቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ይቆይ። ዛሬ ብዙው ስፓም የሚመጣው በፎቶ ላይ ተጽፎ ነው፤ ቃል የሚያግድ ቦት ደግሞ በአብዛኛው ፎቶ አያነብም።

ሐ. የስፓሙ ጎርፍ ሲበረታ ስሎው ሞድ ክፈቱ። አንድ ሰው በተከታታይ አሥር መልእክት መላክ አይችልም፤ ማንም ግን አይዘጋም።

13. የሦስት መልእክት ፈተና አድርጉ። እኛ ዛሬ ማንኛውንም ቃል ከማስገባታችን በፊት በመሞከሪያ ግሩፓችን ላይ ሦስት መልእክት እንልካለን፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ደብሩን የያዘ መርዶ፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ያለበት የሕክምና ዕርዳታ ጥሪ፤ ስልክ ቁጥር ያለበት የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ። ከሦስቱ አንዱ ከተያዘ ቃሉ አይገባም። ግሩፑ የተቋቋመው እንዲህ ላሉ ቀናት ነውና።

ካገዳችሁ በኋላ

14. መልእክት ዝም ብሎ አይጥፋ። ቦቱ የሚሰርዝ ከሆነ ለላኪው ወዲያው ይንገረው፦ «መልእክትዎ በስፓም ማጣሪያ ተይዟል፤ ጥፋት አልሠሩም፤ ለአድሚን ይደውሉ።» ስልኩም አብሮ ይጻፍ። በእኛ ግሩፕ የደረሰው በደል ከመሰረዙ ይልቅ በዝምታው የከፋ ነበር። ልጁ ምክንያቱን ቢያውቅ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ይደውልልኝ ነበር።

15. የተሰረዘውን በየቀኑ ተመልከቱ። በቴሌግራም አድሚኖች የሠሩት ሥራ የሚታይበት መዝገብ አለ፤ የሚያቆየው ግን የ48 ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። እሑድ ያልታየ መልእክት ረቡዕ ቢፈለግ አይገኝም። ተራ አውጡ፤ ጠዋት አንድ ሰው፣ ማታ አንድ ሰው ይመልከት።

16. ቃል ስለተያዘበት ብቻ ማንንም አታባርሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልእክቱ ይያዝ እንጂ ሰውየው ይቆይ። የአዛውንት አባሎቻችን ስልክ ብዙ ጊዜ በልጅ ልጆች እጅ ነው፤ አካውንታቸው ተሰርቆ ስፓም የሚልክባቸውም አሉ። እትዬን ከግሩፕ ከማስወጣታችሁ በፊት ደውሉላቸው። አካውንታቸው ከተሰረቀ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የእናንተ ዕርዳታ ነው።

17. ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ ከርክሙ። ስፓም ወቅት አለው፤ የዛሬው ማጭበርበሪያ ከርሞ አይኖርም፣ ያገዳችሁት ቃል ግን እዚያው ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስገባው ጻፉ። ምክንያቱን ማንም የማያስታውሰው ቃል ይውጣ።

18. ውሳኔውን ለአንድ ሰው አትተዉ። ቃል የሚገባው ቢያንስ ሁለት አድሚን ሲስማሙ ይሁን፤ በዕድሩ ቃለ ጉባኤም ይመዝገብ። ስፓመኛው እንዳይዘጋጅበት የቃላቱን ዝርዝር በአደባባይ አትለጥፉ፤ ምን ዓይነት መልእክት እንደሚከለከል ግን በግልጽ ለአባላት ንገሩ። ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ አባል ካለ ጠርታችሁ አሳዩት።

19. የማታውቁትን ቦት አድሚን አታድርጉ። አድሚን የሆነ ቦት በግሩፑ የሚጻፈውን ሁሉ ያያል፤ ይህም ማለት ከቦቱ ጀርባ ያለው ሰው ሊያየው ይችላል። የማን ሐዘን፣ የማን ሂሳብ ቁጥር፣ የማን ሕመም እንደሆነ በባዕድ እጅ ይገባል። የታወቀና ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ቦት ምረጡ፤ ከመሰረዝና ከመገደብ ያለፈ ሥልጣንም አትስጡት።

ለአባላት

20. ስፓም ስታዩ አትመልሱለት፣ ስክሪንሹት አድርጋችሁም አታሰራጩት። «ይሄን አትመኑ» ብላችሁ የለጠፋችሁት ፎቶ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ለማያውቀው ሰው ይደርሳል። ለአድሚን አሳውቁና ይሰረዝ። ወደ ስልካችሁ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቃችሁ ማንም ይሁን ማን አትስጡ። ገንዘብ ከወጣባችሁ በዚያችው ሰዓት ለባንካችሁ ደውሉ፣ ለፖሊስም አመልክቱ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ መበተን ራሱ የሚያስቀጣ ሥራ ነው፤ ማጭበርበሩም ለብቻው ወንጀል ነው።

21. መልእክታችሁ ቢጠፋ ፊደል እያጣመማችሁ ለማሳለፍ አትድከሙ፤ ደውሉ። መልእክቱ የተያዘበትን ሰውም «ምን ጽፎ ነው?» ብላችሁ አትጠርጥሩት። የእኛ ልጅ የጻፈው የአባቱን ቀብር ነበር።

በመጨረሻ፣ በግሩፓችሁ ራስ ላይ አንድ መልእክት ሰክታችሁ አቆዩ። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «ውድ አባላት፣ ይህ ግሩፕ ስፓም የሚከላከል ቦት አለው። ቦቱ ይሳሳታል። የጻፋችሁት ከጠፋ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ከታች ካሉት ሦስት ስልኮች በአንዱ ደውሉ። መርዶ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ።»

ይህን ከሰካን ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቂሊንጦ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ናቸው። አዲስ ስልክ ይዘው እንደ አዲስ አባል ስለገቡ የወንድማቸውን ፎቶ ቦቱ አላሳለፈላቸውም። «ልጄ፣ የላክሁት ጠፋብኝ፤ ቀብሩ ዛሬ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት፤ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ» አልኳቸውና ተነሥቼ ጻፍኩት። ጠዋት ከአያትም ከጀሞም ሰው መጣ። ድሮ በሰፈራችን ጡሩምባው ይሰማ የነበረውም እሳቸው በደወሉበት ሰዓት ነበር።